ራስጌና ግርጌ

እጅ እንዳለኝ አልክድም። ሰቆጣ ውስጥ እግሩ የተሰበረ ቡፌ፣ ስፖንጁ የወጣ ሶፋ ወይም በሩ አልገጥም ያለ ቁም ሳጥን ያለው ሰው ማንን እንደሚጠራ ያውቃል። በጦርነቱ ክፉ ጊዜ የብዙ ሰው ዕቃ ተሰባብሯል፤ አዲስ መግዛት ደግሞ ለሁሉም አይሆንም። አናጢዎቹ መጀመሪያ ሴት መጋዝ ይዛ ሲያዩ ሳቁ። አሁን እነሱ ራሳቸው አሮጌ ዕቃ ሲመጣላቸው «ወደሷ ውሰዱት» ይላሉ።

ሙያውን ያገኘሁት ቤይሩት ነው። ስምንት ዓመት ሰው ቤት ሠርቻለሁ። አሠሪዬ ከአሮጌ ዕቃ ተራ ወንበር ገዝታ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፍቃ፣ ቀለም ቀብታ፣ ጨርቅ አልብሳ ሳሎን የምታስቀምጥ ሴት ነበረች። ፍቃ አልኩ እንጂ የምፍቀው እኔ ነበርኩ። ጣፋጭ መጋገርም ያስተማረችኝ እሷ ናት፤ እሷ ሶፋ ላይ ተቀምጣ ትናገራለች፣ እኔ ሊጥ አሻለሁ። ለእንግዶቿ ግን ሁለቱም የእሷ ሥራ ነበር። ያን ጊዜ ያናድደኝ ነበር። አሁን ሳስበው፣ ትምህርቱን በነፃ ያስተማረችኝ ሳታውቀው ነው።

የተከራየሁት ቤት ሁለት ክፍልና አንድ ግቢ አለው። ግቢው ውስጥ እንጨት እቆርጣለሁ፤ ከፊት ያለው ክፍል ውስጥ፣ ራሴ ባደስኩት ጠረጴዛ ላይ፣ ባስቡሳ እሸጣለሁ። ባስቡሳ በሻካራ የስንዴ ዱቄት የሚሠራ፣ ከተጋገረ በኋላ የስኳር ሽሮፕ የሚጠጣ የዐረብ ጣፋጭ ነው። እኔ ግን ከስንዴው ግማሹን አውጥቼ የገብስ በሶ አገባሁበት። ስኳሩን ጨርሶ ተውኩትና የአገራችንን ነጭ ማር አፈሰስኩበት። ለጾም ጊዜ ቅቤውንና እርጎውን አስወጥቼ ከኒሯቅ ገበያ በሚመጣ ሰሊጥ ዘይት ተካሁት። ቤይሩት የኖሩ ልጆች ቀምሰው «ይሄ ባስቡሳ አይደለም» ይሉኛል። እዚያ አይደለም ይሆናል፤ ሰቆጣ ከደረሰ በኋላ ግን የኔ ነው።

እናቴ የምትኖረው ደሃና ነው፤ መኪና ከሚቆምበት የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ርቆ ባለ መንደር። አባቴ የመንደሩ ደብር ቄስ ነበር፤ ካረፈ ቆይቷል። ወንድሞቼ ተበትነዋል፣ እኔም ከአሥራ ሁለት ዓመቴ ጀምሮ ቤቷ ውስጥ አላደግኩም፤ ለትምህርት ብለው ሰቆጣ አጎቴ ዘንድ ላኩኝ፣ ከዚያም ወደ ዐረብ አገር ሄድኩ። ስመለስ ሁለቱም ዓይኖቿ በሞራ ተጋርደው አገኘኋቸው። በድምፄ ነበር የምታውቀኝ። እጄን ይዛ ክርኔ ድረስ ዳሰሰችኝና «ከስተሻል» አለችኝ፤ ከስቼ አልነበረም።

ወደ ሰቆጣ አምጥቼ ሐኪም ቤት ወሰድኳት። ሐኪሙ የቀኝ ዓይኗን ቀድሞ እንደሚሠራው፣ ግራውን ለሚቀጥለው ዓመት እንደሚያቆየው ነገረን። ቀዶ ጥገናው ቀላል ነው አለ፤ ከባዱ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አርባ ቀን ጠብታ፣ አርባ ቀን ከጭስ መራቅ፣ አርባ ቀን አለማጎንበስና ሸክም አለማንሳት። ይህን ሲናገር እኔ አክስቴን አሰብኩ። አክስቴ በዚያው ቀዶ ጥገና ብርሃን አግኝታ፣ በስምንተኛው ቀን «ቤቴ ጠፋ» ብላ አገሯ ገባች፤ ምድጃዋ ላይ ጎንበስ ብላ እፍ ስትል ሰነበተች። ዓይኗ መገለ፣ ከዚያም ጠፋ። እናቴም ይህን ታውቃለች። ግን እናቴ ከቤቷ ውጭ ከሦስት ቀን በላይ አድራ አታውቅም፤ ያኔም ገና ስትመጣ «ከታከምሁ ወዲያ ሦስት ቀን እቀመጣለሁ» ብላ ነው የመጣችው።

ሦስቱን አርባ ማድረግ የኔ ሥራ ሆነ። አልፈራሁም። እኔ እኮ ለሰው ሁሉ ምቾት የምሠራ ሴት ነኝ፤ ለእናቴ ቤት ውስጥ የሚያስቀምጣት ነገር መሥራት ያቅተኛል?

አልጋ ልሠራላት ወሰንኩ። ከአንድ ሟች ቤት የተገዛ የዋንዛ ቁም ሳጥን ነበረኝ፤ ጀርባውን ነቀዝ በልቶታል፣ በሮቹ ግን ደኅና ነበሩ። ሁለቱን በር ለአልጋው ራስጌ፣ ጎኖቹን ለመኝታው አሰብኩ። ከቀዶ ጥገናው በፊት ባለው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ፍራሽ ላይ ጋደም ብላ እንቅልፍ ወሰዳት። ሜትሬን አወጣሁና ከተረከዟ እስከ ራሷ ዘረጋሁት። የሜትሩ ቆርቆሮ እግሯን ሲነካት ነቃች።

«ምንድን ነው ይኸ?»

«ሜትር ነው እምዬ። አልጋ ልሠራልሽ ነው።»

ዘላ ተነሳች። «ምነው ልጀ፣ ሬሳ ነኝ? ሰው ቁሞ ነው የሚለካ! ተኝቶ የሚለካ ለሳጥን ነው!» ቀጥላም በኽምጥኛ አንድ ነገር አለች። እናቴ በጣም ስትቆጣ አማርኛዋን ትታ ወደ ኽምጥኛ ትገባለች፤ እኔ ልጅ ሆኜ ነው የወጣሁ፣ ግማሹን ብቻ ነው የምሰማው። የሰማሁት ግማሽ ይበቃ ነበር። ሳቅኩና ሜትሬን ጠቀለልኩ፤ ልኩን ግን ይዤዋለሁ።

በሁለት ቀን ጨረስኩት። ዓይኗን ታክማ፣ ፋሻው ተነሥቶላት ስትመጣ አልጋው ተነጥፎ ጠበቃት። አቀማመጡንም አስቤበታለሁ፤ ሐኪሙ ኃይለኛ ብርሃን ፊቷ ላይ እንዳያርፍ ብሏል፣ ስለዚህ ራስጌውን ከመስኮቱ ሥር አደረግኩት፣ ብርሃኑ ከኋላዋ እንዲመጣ። እናቴ በአንድ ዓይኗ፣ ገና እየደበዘዘባት፣ የራስጌውን እንጨት አየች፣ በእጇም አሻሸችው። «እጅሽ ይባረክ» አለች። ከእናቴ አፍ ይህን ስሰማ ከሰው ሁሉ ክፍያ በለጠብኝ።

ጠዋት ስገባ መሬት ላይ ተኝታ አገኘኋት። አጎዛዋን ከአልጋው ጎን አንጥፋ፣ ጋቢዋን ተከናንባ። ራሷ ወደ አልጋው ግርጌ በኩል ነበር። አየሁ እንጂ አላስተዋልኩም።

«ምነው እምዬ? አልተመቸሽም?»

«ኧረ ምቹ ነው። እንደው ለወጥ ልበል ብየ ነው።»

ከፍ ብሎባት ነው አልኩ። መደብ ላይ ያደገች ሴት ናት፤ በጭቃ የተሠራ መደብ ከመሬት ስንት ከፍ ይላል? መጋዜን አምጥቼ የአልጋውን አራት እግሮች አንድ አንድ ስንዝር ቆረጥኳቸው። በማግሥቱም መሬት ላይ ነች። እንግዲያው ስፖንጁ ለስልሶባት ነው አልኩና ስፖንጁን አውጥቼ ጭድ የሞላ ፍራሽ ሰፋሁላት። በሦስተኛውም ቀን መሬት ላይ ነች። እግሮቹን ደግሜ ቆረጥኩ። «ጥሩ ነው ልጀ፣ አሁንማ ልክ ሆነ» እያለችኝ ነው ይህ ሁሉ። ከመሬት በተነሳች ቁጥር ታጎነብሳለች፤ ባጎነበሰች ቁጥር ልቤ ቀጥ ይላል።

በጣፋጩም እንደዚያው ሆነ። ወቅቱ የነቢያት ጾም ነበር። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለምትጾም፣ ዘጠኝ ሲሆን የጾሙን ባስቡሳ በሳህን አድርጌ አቀርብላታለሁ። ቆንጥራ ትቀምሳለች፣ «ይጣፍጣል፣ ይጣፍጣል» ትላለች፣ የቀረውን በመሐረቧ ትጠቀልላለች። ቅቤ የገባበት መስሏት ይሆናል ብዬ ዘይቱን ከነጠርሙሱ አስሸተትኳት፤ አመነችኝ። መሐረቡ ግን ማታ ማታ ለጎረቤት ልጆች ሲፈታ አየሁ። ከቤይሩት ጀምሮ የሠራሁትን ጣፋጭ የመለሰ ሰው የለም። የመጀመሪያዋ እናቴ ሆነች፣ እሱም «ይጣፍጣል» እያለች።

ታክማ በተመለሰች በአራተኛው ቀን ጠዋት ጓዟን ቋጥራ በር ላይ ተቀምጣ አገኘኋት።

«በይ ልጀ፣ መኪና ፈልጊልኝ። ዶሮዎቼ ሜዳ ቀርተዋል።»

«ዶሮዎቹን ጎረቤት ይዟቸዋል።»

«ጎረቤት እንደኔ ይይዛቸዋል?»

ደሜ ፈላ። ቁጣዬ የታወቀ ነው፤ መጋዝ ይዤ ስቆጣ ደንበኛ እንኳ ወደ ኋላ ይላል። «ሂጂ!» አልኳት። «ሂጂና ምድጃሽ ላይ እፍ በይ! እንደ አክስቴ ታወሪና በእጄ እየመራሁ ቤተ ክርስቲያን ላድርስሽ!» እናቴ ጓዟን ወደ ጉልበቷ ሳበች። እኔ ወደ ግቢ ወጣሁና እንጨት ቁልል ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ያስለቀሰኝ መሄዷ ብቻ አልነበረም። የምችለውን ሁሉ ሠርቼ፣ የምችለው ሁሉ እናቴን ከሦስት ቀን በላይ ማስቀመጥ አልቻለም።

በዚህ መካከል የንስሐ አባቴ መጡ። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ጨዋታ የሚወዱ ካህን ናቸው፤ የታመመ እንዳለ ሲሰሙ ጠበል ይዘው ሳይጠሩ ይመጣሉ። እናቴ ከተቀመጠችበት ተነሥታ መስቀላቸውን ተሳለመች። ጓዟን አዩና ቤቱን ጠበል እየረጩ ወደ ውስጠኛው ክፍል ገቡ፤ እኔም ዓይኔን ጠርጌ ተከተልኳቸው። አልጋው ፊት ሲደርሱ ቆሙ።

«ይህን ማን ሠራው?»

«እኔ ነኝ አባ።»

«እጅሽ ወርቅ ነው። እግሩ ግን ምነው እንዲህ አጠረ?»

«እናቴ ከፍ አለባት ብዬ ነው አባ። አልተኛበትም አለችኝ፤ መሬት ላይ ነው የምታድረው።»

አልጋውን ዞር ብለው አዩት። ከዚያ ዞረው በተከፈተው በር ወደ ውጭ አዩ። ከቤቴ በር ፊት ለፊት፣ ከቆርቆሮው ጣሪያ ሁሉ በላይ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ጉልላት ይታያል። ሁልጊዜ ስወጣ የምሳለመው ነው።

«ራስጌው የት ነው?» አሉኝ።

«ከመስኮቱ ሥር ነው አባ። ብርሃኑ እንዳይወጋት።»

«እሺ። እግሯስ ወዴት ነው?»

ወደ በሩ ዞሬ አየሁ። ሊገባኝ ጊዜ አልፈጀም፤ ማፈሩ ነው ጊዜ የፈጀው። አባቴ በሕይወት ሳለ ቤታችን ውስጥ መደብ የሚሠራው ራስጌው ወደ ደብሩ ሆኖ ነበር፤ እግሩን ወደ መቅደሱ ዘርግቶ የተኛ ልጅ ካየ በመቋሚያው ጫፍ ቀስ አድርጎ ይቀሰቅሰውና ያዞረው ነበር። እኔንም ብዙ ጊዜ አዙሮኛል። የቄስ ልጅ ሆኜ፣ የቄስ ሚስት የሆነችውን እናቴን እግሯን ወደ ጉልላቱ አስዘርግቼ አስተኛኋት። እሷም ሌሊት ሌሊት ዝም ብላ እየወረደች፣ መሬት ላይ በትክክለኛው በኩል ዞራ ትተኛለች።

«እምዬ፣ ለምን አልነገርሽኝም?» አልኳት።

«ምን ብየ? ደክመሽ የሠራሽውን! በሰው ቤት ገብቸ ይኸ ይዙር፣ ያ ይነሣ ልበል?»

«በሰው ቤት? የኔ ቤት የሰው ቤት ነው?»

የንስሐ አባቴ ጠበላቸውን አንሥተው «ዝም አይነቅዝም ይላሉ» አሉ፤ «የእናንተ ዝምታ ግን የአልጋ እግር በልቷል።» እናቴ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ አልሳቅኩም። ያ «በሰው ቤት» የሚለው ቃል ከሜትሩም ከመጋዙም ይልቅ ጎድቶኛል። ለካ አርባ ቀን ላስቀምጣት የምታገለው እንግዳ አድርጌ ነው፤ እንግዳ ደግሞ ቶሎ መሄድ ክብሩ ነው።

አልጋውን በዚያው ሰዓት አዞርኩት። ብርሃኑ አሁን ፊቷ ላይ ሊመጣ ስለሆነ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ደኅና በቀረው የመስኮት መከለያ ሠራሁ፤ ጠዋት የሚዘጋ፣ ከሰዓት የሚከፈት። አልጋው እስካሁን አለ፤ ከመሬት ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ፣ ያየው ሰው ሁሉ ለልጅ የተሠራ ነው ይላል። እናቴ የዚያን ሌሊት ተኛችበት። ጠዋት ጓዟ እንደተቋጠረ ቢሆንም ከበር አጠገብ ተነሥቶ አልጋው ሥር ገብቷል። እኔም ስለ ጓዙ አልጠየቅኩም።

አልጋው ተገኘ፤ ቀኑ ግን ረዘመባት። ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል የሚሉት እውነት ነው። ለደንበኛ ያለበስኩትን የሶፋ ትራስ ስፌቱን ስትፈታ ያዝኳት። «ምን እያደረግሽ ነው?» ስላት «ስፌቱ ሰፍቷል፣ ልድገመው ብየ ነው» አለች። አጎንብሳ አይደለም፣ ጭስም የለበትም፤ ስለዚህ ተውኳት። ስፌቷ ከኔ ይጠብቃል፣ ይህን ደንበኛዬም ነግሮኛል።

አንድ ቀን ግቢ ውስጥ ለበሶ ገብስ እቆላለሁ። እሷ በውስጠኛው ክፍል፣ መስኮቱ ተዘግቶ፣ ጭስ እንዳይነካት ተደርጋ ተቀምጣለች። ገብሱ ገና ፈዛዛ ነው፤ እኔ መልኩ ጠቆር እስኪል ነው የምጠብቀው።

«አውጭው!» የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ።

«ገና ነው እምዬ!»

«አረረ እያልኩሽ! አውጭው!»

«አይተሽው ነው? ገና ነጭ ነው!»

«ያከሙት ዓይኔን ነው! አፍንጫየን ማን ነካው?»

ለማሳፈር ብዬ ግማሹን በዚያው ሰዓት አወጣሁት፤ ግማሹን በራሴ ልክ ቆላሁት። ሁለቱን ለየብቻ አስፈጭቼ ሁለት ባስቡሳ ጋገርኩ። የሷ ገብስ የተሠራበት፣ ማሩ ገና ሳይፈስበት፣ ሽታው ቤቱን ሞላው። የኔው ከጎኑ ሲቀመስ ምላስ ላይ ምሬት ይተዋል። ስንት ጊዜ ያንን ምሬት በማር ሸፍኜ ሸጥኩት! አሠሪዬ ቤይሩት ውስጥ ሁሉን ነገር በመልኩ እንድፈርድ አስተምራኛለች፤ ወንበርም፣ ጣፋጭም።

«ማሩንም ታበዥዋለሽ» አለችኝ እናቴ፣ አሁን ጥላ ሥር ሆና። «ገብሱ አፍ የለውም ወይ? እሱም ይናገር እንጅ። ጨው ቆንጥሪበት። ጥቁር አዝሙድም ብታገኝ ትንሽ።»

«ጣፋጭ ላይ ጨው?»

«በሶ ያለ ጨው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ማሩን ቀነስኩ፣ ጨው ቆነጠርኩ፣ ጥቁር አዝሙድ ወቅጬ አገባሁበት። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በሳህን አቀረብኩላት። ቆነጠረች። ደግሞ ቆነጠረች። ከዚያ ቁራሹን በሙሉ በላችና ጣቷ ላይ የቀረውን ፍርፋሪ ላሰች። መሐረቧ አልተፈታም። «ያኛውስ?» አልኳት። «ያኛውማ መጣፈጡን ብቻ ነው የሚያውቀው» አለች። ልከፋ ይገባኝ ነበር፤ በደስታ ልቤ ሊወጣ ደረሰ።

ከዚያ ቀን በኋላ ወንበሯ ከውስጠኛው በር አጠገብ ሆነ፤ ከጭሱ ርቆ፣ ሽታው ግን የሚደርስበት ቦታ። «ጨምሪ»፣ «አውጭው»፣ «እሳቱን ቀንሺ» እያለች የባስቡሳው ዳኛ ሆነች። ጠብታዋን በቀን አራት ጊዜ አደርግላታለሁ፤ ሌላው ጊዜ እሷ እኔን ታዛለች። ደንበኞቹ ለውጡን ወዲያው አወቁት፤ አንዲት የመንግሥት ሠራተኛ «አሁን ገና የአገሬን ምግብ በላሁ» አለችኝ። ገና ደረሰ፣ የፍስኩን በቅቤ ጋገርን፣ ጥምቀትም አለፈ። ጓዟ አልጋው ሥር መኖሩን እኔ ረሳሁት።

አርባው ቀን ሲሞላ ሐኪሙ ዓይኗን አይቶ «በጣም ጥሩ ነው» አለ። እኔ በመንገድ ላይ ስመለስ የማስበው ልብሷ የሚቀመጥበትን ኮመዲኖ ምን ቀለም እንደምቀባው ነበር። ቤት ስንደርስ አልጋው ሥር እጇን ሰዳ ጓዟን አወጣች።

«ነገ መኪና ፈልጊልኝ።»

ተከፋሁ፣ ተከፋሁ ብዬም ነገርኳት። አልጋው ዞረ፣ ጣፋጩ ያንቺ ሆነ፣ ምን ቀረ አልኳት። እናቴ ጉንጬን በመዳፏ ያዘችና ቀረብ አድርጋ በተሠራው ዓይኗ አየችኝ።

«አርባ አልሽኝ፣ አርባ ተቀመጥሁ። ያንችን ቤት በዓይኔ አየሁት፣ ደስ አለኝ። አሁን የኔን ቤት በዓይኔ ልየው እንጅ። ስንት ዓመት በዳበሳ ነው የኖርሁበት።»

ምድጃውን ከመኖሪያ ቤቷ አውጥታ ለብቻው ጎጆ እንድትሠራለት አስማልኳትና ሸኘኋት። ከእሷ በኋላ ገብስ ስቆላ ዝም ያለው ቤት ከበደኝ፤ ሁለት ጊዜ አሳርሬያለሁ።

ፋሲካ ካለፈ በኋላ ልጠይቃት ሄድኩ። አንድ ቆርቆሮ ባስቡሳ በአህያ አስጭኜ፣ የሁለት ሰዓቱን መንገድ ተጉዤ ቤቷ ስደርስ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ከሩቅ አይታኝ ኖሯል። ስሜን የጠራችው ድምፄን ከመስማቷ በፊት ነው። ምድጃው ወጥቷል፤ ከቤቱ ጀርባ ትንሽ ማድ ቤት ተሠርቶለታል። ቤቱ ውስጥ ጭስ የለም። ገብቼ ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ቆምኩ።

በግራ በኩል የኔ መደብ አለ። አባቴ ልጅ ሳለሁ የሠራልኝ ነው። ወደ ሰቆጣ ከሄድኩ ጀምሮ ጋንና እንስራ ሲቀመጥበት ኖሯል፤ ልጠይቃት ስመጣም ከእናቴ አጠገብ አጎዛ ላይ ነበር የምተኛው። አሁን ጋኖቹ ተነሥተዋል። የፈረሰው ጠርዙ ተጠግኗል፣ በቀይ ጭቃ ተለስኗል፣ በላዩ ነጭ አፈር ተቀብቷል። ጎኑ ላይ በጣት የተሣለ ሐረግ ከዳር እስከ ዳር ይሄዳል። ከጭቃው የወጣ ትራስም አለው፤ ትራሱ ወደ ደብሩ በኩል ነው።

«ያንችን ሙያ ሰርቄ ነው» አለች እናቴ። ትራሱን በመዳፏ መታ አደረገችው። «ራስጌውን አይተሻል?»

አየሁት አልኳት። ሐረጉን በጣቴ ተከተልኩት። እንጨት ስንት ዓመት ለሰው ሳድስ፣ ለኔ ብሎ አንድ ነገር ያደሰልኝ ሰው አልነበረም።

ስተኛበት ግን መደቡ ከጉልበቴ ትንሽ ዝቅ ብሎ አለቀ። የአሥር ዓመት ልጅ መደብ ነው። ወደ ጎኔ ዞሬ፣ ጉልበቴን ሰብስቤ፣ እንደምንም ልኩ ውስጥ ገባሁ። ደክማ የሠራችውን አጠረ ልበላት? ጠዋት ወገቤን ይዤ ስነሳ እናቴ ሻይ ይዛ ቆማለች።

«ደኅና አደርሽ?»

«በጣም ተመችቶኝ።»

«ውሸታም!» አለች። «ለጸሎት ስነሣ እግርሽ ተንጠልጥሎ አየሁት እኮ። በዓይኔ!» ከዚያ ለራሷ እንደምትናገር ሁሉ «ለምን አልነገርሽኝም?» አለችና፣ መልሱን ሳልሰጣት ሳቀች። እኔም ሳቅኩ። ሻዩ እስኪፈስ ሳቅን።

ሻዩን ሳልጨርስ እሷ ውጭ ወጥታ አፈርና ጭድ በውኃ እያቦካች ነበር። መደቡን ልታስረዝም ነው። ከእሷ ጋር ጭቃ ረገጥኩ፤ ከዚያ እጄን ታጥቤ ልትለካኝ ነው ብዬ መደቡ ላይ ተጋደምኩላት።

«ተነሽ!» ብላ ጮኸች። «ሰው ቁሞ ነው የሚለካ!»

ተነሥቼ ከግድግዳው ጋር ቆምኩ። ሜትሬ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ አላወጣሁትም። እናቴ ተንበርክካ ከተረከዜ ጀመረች፣ በክንዷ እየለካች ወደ ላይ፤ አንድ፣ ሁለት። ወገቤ ላይ ስትደርስ ቀና አለች። ትከሻዬ ጋ ክንዷ አልደርስ አላትና በእግሯ ጣቶች ቆመች። ወደ ላይ በቀኝ ዓይኗ አየችኝ።

«መቸ ነው እንዲህ ያደግሽ?» አለች።

እጇ ጭቃ ነበር። ቀሚሴ ላይ ከታች እስከ ትከሻ የክንዷ ልክ በጭቃ ቀረ፤ እስኪደርቅ አላራገፍኩትም።